እሜቴና ባሻ፦ አራት ኪሎ ላይ ክላውን ፊሽ ማሳደግና ፎቶ ማንሳት

የሰርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ጉርድ ፎቶ በማንሳት ጀመርኩ። ኋላ የራሴን ካሜራ ይዤ ወደ ሰርግ ገባሁ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና ሰርግ ቆመ። ቤት ተቀመጥኩ። ለቀለበት ፎቶ የገዛኋት፣ ትንሽ ነገር ከቅርብ የምታነሳ 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ ሌንስ መሳቢያ ውስጥ ተኝታ ሳያት አንጀቴን በላችው። መጀመሪያ የጎረቤት ወርቃማ ዓሣ አነሳሁባት። ከዚያ የራሴን ገዛሁ። አንድ ቀን ደግሞ ስልኬ ላይ ሦስት ነጭ መቀነት የታጠቀ ብርቱካናማ ዓሣ አየሁ፤ ክላውን ፊሽ ይባላል። አለቀልኝ።

አሁን ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ስትወርዱ ባለ አንድ ሕንጻ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሳሎኔ ውስጥ 80 በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነች ባህር አለችኝ። ሁለት ክላውን ፊሽ ይኖሩባታል። ትልቋ እሜቴ ትባላለች፣ ትንሹ ባሻ። ስማቸውን ያወጣችው እናቴ ናት። ሚስትየዋ ባሏን ስታሳድደው አይታ ነው።

እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ “ፎቶውን እንዴት አነሳኸው?” ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ከውሃው ነው የምጀምረው፤ ብዙዎቹ ይሰላቻሉ። እንቅልፍ ያጣች ሙሽራ ሜካፕ አያድናትም። ዓሣም ያው ነው። ክንፉን ሰብስቦ ጥግ የቆመ ዓሣን የሚያሳምር ሌንስ አላየሁም።

ባህር በ2,300 ሜትር ላይ

አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እሜቴና ባሻ ዘራቸው ከባህር ወለል በታች ጥቂት ሜትሮች ላይ ነው። ይህ ልዩነት ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ጋ የአየር ግፊቱ ባህር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን አብሮ ይቀንሳል። ጨዋማ ውሃ ደግሞ በተፈጥሮው ከጨው አልባው ያነሰ ነው የሚይዘው። ውሃ ሲሞቅም እንደገና ይቀንሳል። ሦስቱም ሳሎኔ ውስጥ ተገናኝተዋል።

መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። የውሃው ፊት መተራመስ አለበት። እኔ ሁለት ማዘዋወሪያ ፓምፕ አለኝ። አንዱ ድንጋዩን ያጥባል፣ ሌላው ወደ ላይ አንጋጦ የውሃውን ፊት ያናውጣል። የውሃው ፊት እንደ መስታወት ረግቶ ካያችሁት ለዓይን ያምራል፤ ለዓሣው ግን መታፈን ነው። የውጭ አገር መመሪያ ላይ “ለዚህ መጠን ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ” የሚል ሰንጠረዥ ስታዩም ቀነስ አድርጉት። እኔ ገንዳ ላይ ሁለቱ ክላውኖችና አንዲት ፋየርፊሽ ብቻ ናቸው ያሉት፤ ዓሣ በዚህ አበቃ።

ገንዳውን መስታወት ቆራጭ ጋ አሠርታችሁ ከሆነ ውሃ ሞልታችሁ ሳምንት በረንዳ ላይ አቆዩት። ሲሊኮኑ የፀረ ሻጋታ መድኃኒት የሌለበት ይሁን፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ አለበት። የእኔ ገንዳ ውሃው፣ መስታወቱና ድንጋዩ ተደምሮ ከ150 ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ ከቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ አውርዱት። ወፍራሙን ግድግዳ ተጠግቶ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ ይፈለግለት። የፎቶውን ነገርም አሁኑኑ አስቡ። መስኮት ፊት ለፊት ካስቀመጣችሁት ዕድሜ ልካችሁን መስኮቱን ነው የምታነሱት።

አክስቴና ጨው

አክስቴ ከዱባይ ስትመጣ “ምን ላምጣልህ?” አለችኝ። ጨው አልኳት። ሳቀች። “አፋር ላይ ጨው አለቀ እንዴ?” አለች። ጥያቄዋ ግን የብዙ ሰው ጥያቄ ነው።

አሞሌውም የገበታ ጨውም በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። የባህር ውሃ ከዚህ በላይ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ 400 ሚሊ ግራም አካባቢ ካልሲየም፣ 1,300 ሚሊ ግራም አካባቢ ማግኒዝየም፣ ፒኤቹን (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየውን ልኬት) ደግፎ የሚይዝ ካርቦኔት፣ ሌላም ሌላም አለው። ስለዚህ ለባህር አኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀው ጨው ያስፈልጋል። በሊትር 35 ግራም ነው። ለ100 ሊትር 3 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ጨዋማነትን በሚለካው መሣሪያ፣ በሪፍራክቶሜትር፣ ሲታይ 1.025 ላይ ይውጣ። መሣሪያዋን አንዳንዴ ጨዋማነቱ 35 መሆኑ በታወቀ ማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክሏት፤ የእኔ አንዴ ለወራት ስትዋሸኝ ነበር።

ጨውን ዓሣ ያለበት ገንዳ ውስጥ አትበትኑ። በንጹህ ባልዲ በጥብጣችሁ፣ ፓምፕ ከታችሁ፣ ሌሊቱን ይዙር። ባልዲው አዲስ ይሁን። ምናለሽ ተራ በርካሽ የሚገኙት በርሜሎች ያጓጓሉ፤ ግን ትናንት ምን እንደያዙ በርሜሉ አይናገርም።

ውሃውስ? የቧንቧችን ውሃ ክሎሪን አለው። ከለገዳዲ ወይ ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣውና ከአቃቂ ጉድጓድ የሚወጣው ደግሞ በውስጡ የያዙት ማዕድን አንድ አይደለም። በፈረቃ ሲመጣ ሮቶ ውስጥ የተቀመጠው ላይ ሌላ ታሪክ ይጨመራል። እኔ አርኦ ማጣሪያ ገጥሜያለሁ፤ ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ የሟሟውን ነገር የሚያስቀር ነው። የሟሟ ነገር መለኪያዋ ዜሮ ወይ ዜሮ አካባቢ ስታሳየኝ ነው የምቀዳው። የማጣሪያውን ጥራጊ ውሃ እናቴ አበባ ታጠጣበታለች።

አሁን ጀማሪ ሁሉ የሚስተውን ልንገራችሁ። ውሃ ሲተን ጨው አይተንም። በበጋ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ ገንዳዬ በቀን ሊትር ተኩል ያህል ይጠጣል። ዝም ብትሉት በሳምንት 10 ሊትር ነው። 100 ሊትር የነበረው 90 ሲሆን 35 የነበረው ጨዋማነት ወደ 39 ይወጣል። ስለዚህ የተነነውን የምትተኩት ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ነው። ጨዋማ ውሃ የሚገባው በሳምንት አንዴ 10 ሊትር አውጥታችሁ በአዲስ ስትቀይሩ ብቻ ነው። መስታወቱ ላይ በቴፕ መስመር አድርጉ። ውሃው ከመስመሩ ሲወርድ ሙሉት። እኔ ጠዋት ቡና ሳይፈላ ሁለት ሃይላንድ ውሃ ይዤ መቆም ልማዴ ሆኗል፤ አንዱ ሳያልቅ መስመሩን ይነካል።

ዘጠኝ ቀን

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓሦች የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ገንዳው ተሞልቶ፣ ውሃው ጠርቶ፣ መብራቱ አምሮ ሳየው በዘጠነኛው ቀን ዓሣ ጨመርኩ። በሳምንቱ ሁለቱም ሞቱ።

የጠራ ውሃ የበሰለ ውሃ አይደለም። ዓሣ በሚተነፍስበት በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። ድንጋዩና አሸዋው ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ። ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ናይትሬት በልክ ከሆነ ችግር የለውም፤ በውሃ ቅየራ ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ተባዝተው ሥራ እስኪይዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ጠላ እንደመጥመቅ ነው፤ ማንኪያ ብታማስሉበት አይፈጥንም።

ለባክቴሪያው የመጀመሪያ ምግብ እንዲሆን ከሱፐርማርኬት የቀዘቀዘ ሽሪምፕ ገዝታችሁ አንዷን ፍሬ ጣሉባት። እኔ ይህን ያደረግሁት በዐቢይ ጾም ነበር። እናቴ ሽታው የት እንዳለ ፈልጋ ስታገኘው የሆነውን አልነግራችሁም። በየሁለት ቀኑ በቴስት ኪት ለኩ። አሞኒያ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከዚያ ናይትራይት ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለቱም ዜሮ ሆነው ጥቂት ቀን ከቆዩ ዓሣ መግባት ይችላል። ያኔም ሁለት ብቻ።

ድንጋዩ ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ፣ ብዙ ቀዳዳ ያለው ይሁን። ከመንገድ የለቀማችሁትን ተዉት።

መብራት ሲሄድ

ሂተር የግድ ነው። ክላውን ፊሽ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይመቸዋል። የህዳር ሌሊት ሳሎኔን ምን እንደሚያደርጋት ታውቃላችሁ። አንድ ባለ 200 ዋት ከምገዛ ሁለት ባለ 100 ዋት ገዛሁ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዝልኛል። አንዱ ሳይጠፋ ተጣብቆ ቢቀር ደግሞ ብቻውን ዓሣ አይቀቅልም።

መብራት ሲሄድ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ቅዝቃዜ ነው። ቀድሞ የሚገድለው ግን የኦክስጅን ማለቅ ነው፣ በተለይ እኛ ከፍታ ላይ። 100 ሊትር ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ጋቢ ካለበሳችሁት ደግሞ ጭራሽ። አየሩ ነው የሚያሳስበው። ባትሪ የሚበላ ትንሽ የአየር ፓምፕ ግዙ። እኔ ከኮምፒውተር የተረፈ ዩፒኤስ ላይ አንዷን ፓምፕ ብቻ ሰክቻለሁ። ትንሽ ዋት ስለሆነች ለሰዓታት ትዞራለች። መብራት እስኪመጣ ምግብ አትስጡ። ከገንዳው ውጭ በታሸገ ዕቃ ውስጥ የሚሠራ ፊልተር ካላችሁና ለሰዓታት ቆሞ ከነበረ ውስጡን ሳታጥቡ አታስነሱት። ውስጡ የሞተው ሁሉ ገንዳው ውስጥ ይፈሳል።

ጨውና ኤሌክትሪክ ወዳጅ አይደሉም። የየገመዱ ሆድ ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ መሬት ይውደቅ እንጂ ሶኬት ውስጥ አይግባ። እጃችሁን ስትከቱ ሂተሩን ንቀሉ።

ወንዱ ሴት ሲሆን

ክላውን ፊሽ ሁሉ ወንድ ሆኖ ነው የሚያድገው። ከቡድኑ ትልቁና ኃይለኛው ወደ ሴትነት ይለወጣል፤ መመለሻ የለውም። ሴቷ ብትሞት ባልየው ሴት ይሆናል፣ ቀጣዩ ወንድ ደግሞ ባል። ይህን ለጎረቤታችን ለጋሼ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ “ባሻ ይህን ያውቃል?” ብለው ጠየቁኝ።

ጥንድ ለማግኘት ታዲያ ወንድና ሴት ብላችሁ አትፈልጉ። ገና ያልበሰሉ ሁለት ውሰዱ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ይሁን። የቀረውን እነሱ ይጨርሱታል። መጀመሪያ ላይ ትንሹ ፊቷ ቀርቦ ሰውነቱን ያንቀጠቅጣል። እጅ መንሳት ነው፤ በሽታ አይደለም። ከተቻለ በእርባታ የተፈለፈሉትን ምረጡ። ከባህር ከተያዙት ይልቅ ደረቅ ምግብ ቶሎ ይለምዳሉ፣ በሽታም ይዘው የመምጣት ዕድላቸው ያነሰ ነው። ሰው አስመጥቶላችሁ ከሆነ ወረቀቱ የተሟላ መሆኑን ቀድማችሁ ጠይቁ። ዓሣ ጉምሩክ ላይ ቀጠሮ መጠበቅ አይችልም።

ሩቅ መንገድ የመጣ ዓሣ ፌስታል ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ። ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፣ ፒኤቹ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ያወጣው አሞኒያ ብዙም መርዛማ ባልሆነ መልኩ ይቆያል። ፌስታሉ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይወጣል፣ አሞኒያውም መርዝነቱ ይመለሳል። ስለዚህ ሳትከፍቱ ለ20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፍፉት፤ ሙቀቱ ይስተካከል። ቀኑን ሙሉ የተጓዘ ከሆነ የማቆያ ገንዳችሁን (አዲስ ዓሣ መጀመሪያ ለብቻው የሚቆይባትን) ጨዋማነት ቀድማችሁ ከፌስታሉ ጋር አስተካክሉና ቶሎ አሸጋግሩት። ከዚሁ ከከተማ ከሆነ ያመጣችሁት፣ ከፋርማሲ የግሉኮስ መስጫ ቱቦ ግዙ። መቆጣጠሪያዋ አብራት ናት። ጠብ ጠብ እያለች በ45 ደቂቃ ታለማምዳለች። የፌስታሉን ውሃ ግን ገንዳ ውስጥ አትድፉ።

ምግብ በቀን ሁለቴ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ብቻ። “ሲያዩኝ ይመጣሉ፣ ርቧቸዋል” አትበሉ። ሁልጊዜ ይመጣሉ።

አኔሞን፣ ክላውን ፊሽ ባህር ውስጥ የሚጠለልበት አበባ መሳይ እንስሳ፣ የግድ ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። አኔሞን ኃይለኛ ብርሃንና ዓመት የሞላው ገንዳ ይፈልጋል፤ ሲሞት ደግሞ ሌላውን ይዞ ይሞታል። ክላውኑ ያለ እሱ በደህና ይኖራል። እኔ ቤት አኔሞኑ ጀበና ነው። አዲስ፣ ቡና ያልነካው፣ ቀለም ያልተቀባ፣ አንገቱ የተሰበረ ጀበና። ሦስት ሳምንት ውሃ እየቀያየርኩ ዘፈዘፍኩት። እሜቴ በሁለተኛው ቀን ወረሰችው። አሁን እጄን ስከት ትነክሰኛለች። ሆዱ ላይ እንቁላል ትጥላለች፤ ባሻ በክንፉ ያራግብላቸዋል። መጀመሪያ ብርቱካናማ ናቸው። በ26 ዲግሪ ሳምንት ሲያልፋቸው ብርማ ዓይን ያወጣሉ። ከዚያ በአንዱ ምሽት፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ይፈለፈላሉ። ጫጩቶቹን ለማሳደግ ሮቲፈር የሚባሉ በዓይን በቀላሉ የማይታዩ ደቂቅ እንስሳት ማርባት ይጠይቃል። እኔ አልሞከርኩትም። ሰርግ ተመልሷል፣ ጊዜ የለኝም።

ቤቱ ውስጥ ፍሊት አይነፋም። ይህ ሕግ ነው። የነፍሳት መግደያው ሽሪምፕን ለይቶ አያውቅም፣ ዓሣንም አይምርም። ክረምት ላይ መስኮት ዘግታችሁ ከሰል ስታያይዙ ደግሞ የክፍሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምራል፣ የገንዳው ፒኤችም ይወርዳል። የእኔ ነሐሴ ላይ ከ8.2 ወደ 7.8 ወርዶ አገኘሁት። መድኃኒት አልጨመርኩም፤ መስኮት ከፈትኩ። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፣ ዕጣኑም እዚያው።

አሁን ወደ ካሜራው

ሰርግ ያነሳ ሰው ለክላውን ፊሽ ግማሹን ተምሯል። ነጩ ቬሎ እንዳይቃጠል እንጠነቀቃለን አይደል? የእሜቴ ሦስት መቀነቶችም ቬሎ ናቸው። ካሜራው ጨለማውን ገንዳ አይቶ ብርሃን ይጨምራል፤ መቀነቱ ወረቀት ይሆናል። ብርሃኑን በካሜራው መለኪያ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ቀንሱ። ከነጩ የባሰው ብርቱካናማው ነው። ሂስቶግራሙ፣ ካሜራው የፎቶውን ብርሃን የሚያሳይበት ግራፍ፣ በጠቅላላው ደህና እየመሰለ ቀዩ ቻናል ብቻውን ሞልቶ ይፈሳል። ያኔ ዓሣው ቅርፊት የሌለው ብርቱካን ጭማቂ ይመስላል። የቀዩን ቻናል ለብቻው እዩ። በሮው፣ ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል፣ አንሱ።

ከዚያ በፊት ግን መስታወቱ። ከውስጥ በማግኔት መጥረጊያ፣ ከውጭ በሆምጣጤ በረጠበ ጨርቅ። የደረቀ የጨው ጠብታ ፎቶው ላይ በረዶ ሆኖ ይታያል። ሆምጣጤው ጨርቁ ላይ ይሁን እንጂ ገንዳው አጠገብ አይረጭ።

የሳሎኑን መብራት አጥፉ፣ መጋረጃ ዝጉ፣ ጥቁር ልብስ ልበሱ። የመጀመሪያ ጥሩ ፎቶዬ መሃል ላይ አንድ ነጭ መንፈስ ቆሟል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሌንሱን ጠርጥሬ ፈተሽኩ። እናቴ ናት። ከቤተ ክርስቲያን መጥታ ነጠላዋን እንደለበሰች ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር። አሁን እሁድ እሁድ ሳነሳ ወይ ነጠላውን ታወልቃለች፣ ወይ ጓዳ ትቀመጣለች። ብዙ ጊዜ ጓዳውን ትመርጣለች።

ሌንሱ ከመስታወቱ ጋር ቀጥ ብሎ፣ ፊት ለፊት ይቁም። ወደ ጎን ካጋደላችሁት ብርሃን በመስታወቱና በውሃው ውስጥ ይሰበራል፤ ዓሣው በዕንባ ውስጥ እንደታየ ይሆናል። ይህን ፎከስ ማስተካከል አያድነውም። ዓሣው ወደ ቀኝ ሲሄድ አንገታችሁን ሳይሆን ወንበራችሁን አንቀሳቅሱ። የሌንስ የጎማ መከለያ ካላችሁ መስታወቱን አስነኩት፤ ነጸብራቅ ያበቃለታል።

የአኳሪየም ኤልኢዲ ሰማያዊ ነው። ለዓይን ያምራል፣ ካሜራውን ያሳብደዋል። ነጩን ጨምሩ፣ ሰማያዊውን ቀንሱ። ነጭ የፕላስቲክ ማንኪያ ውሃው ውስጥ አስገብታችሁ እሱን አንሱ፣ ነጭ ሚዛኑን በእሱ ያዙ። ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች ከመጡ ኤልኢዲው እየተርገበገበ ነው። የመብራቱን ኃይል ሙሉ አድርጉት፣ ወይም የካሜራውን ድምፅ አልባ መዝጊያ ትታችሁ መካኒካሉን ተጠቀሙ።

ክላውን ፊሽ አይቆምም። ለዓሣ የተሰጠ እስክስታ ነው፤ ከራሱ እስከ ጅራቱ ይወዛወዛል። ያለ ፍላሽ ከሆነ የመዝጊያው ፍጥነት ቢያንስ 1/250 ሰከንድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) 4 ወይ 5.6፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) እስከ 3,200 አትፍሩ። እኔ የምወደው ግን ፍላሽ ከላይ ነው። ፍላሹን ካሜራው ላይ አድርጋችሁ ፊት ለፊት ብትተኩሱ የምታገኙት የፍላሹን ፎቶ ነው። ያለ ገመድ በሚያዘው በትሪገር ከካሜራው ገንጥላችሁ፣ በመስታወት ክዳኑ ላይ፣ ነጭ አቡጀዲ ደርባችሁ ወደ ታች አብሩት። እንዳይወድቅ እሰሩት። 1/200፣ አፐርቸር 11፣ አይኤስኦ 200። ብርሃን ባህር ውስጥም ከላይ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ፎቶው ተፈጥሮ ይመስላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ብልጭታዎች ያስደነግጧቸዋል። ከዚያ እንደ ሰርግ ታዳሚ ይለምዱታል።

ዓሣውን አታሳድዱ። ይህ ከሁሉ በላይ ነው። ሙሽራ የሚያሳድድ ፎቶ አንሺ ጀርባ ነው የሚያነሳው። እኔ የጀበናው አፍ ላይ ፎከስ አድርጌ እቆልፋለሁ። እጠብቃለሁ። ባሻ በየጥቂት ሰከንዱ ብቅ ይላል። ዓይኑ ሲጠራ፣ በተከታታይ ሦስት አራት ጊዜ ቀጭ ቀጭ። ጥቁሩ ሸክላ ከብርቱካናማው ኋላ ሲሆን ሌላ ዳራ አያስፈልግም። እሜቴ ደግሞ ሌንሱን እንደ ጠላት ነው የምታየው። ፊት ለፊት ትመጣለች፣ አፏን ከፍታ። ያንን ፎቶ የሚያገኘው ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ ሰው ነው።

በስልክ ለምታነሱ፦ ስልኩን መስታወቱ ላይ አስጠጉ፣ ሁለት እጥፍ ዙም አድርጉ፣ ጀበናው ወይ ድንጋዩ ላይ ጫን ብላችሁ ፎከሱን ቆልፉ፣ ብርሃኑን በጣታችሁ ወደ ታች ጎትቱ። ወይም በ4ኬ ቪዲዮ ቅረጹና ጥሩውን ፍሬም አውጡ። ማንም አያውቅባችሁም።

ፎቶው የሚያየው ነገር

ፔርኩላና ኦሴላሪስ የሚመሳሰሉ ሁለት የክላውን ፊሽ ዝርያዎች ናቸው። ሻጩ እሜቴን ፔርኩላ ብሎ ነበር የሸጠልኝ፣ በፔርኩላ ዋጋ። አንድ ምሽት የጀርባ ክንፏን ዘርግታ አነሳኋትና ኮምፒውተር ላይ አሳድጌ እሾሆቹን ቆጠርኩ። 11 ናቸው። ፔርኩላ አብዛኛውን ጊዜ 10 ነው ያለው፣ ኦሴላሪስ 11። ኦሴላሪስ ናት። ብሬ ሄደ፤ ዓሣዋን ግን በምንም አልለውጣትም።

ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ የሁሉንም ጎን ፎቶ አነሳለሁ፣ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን። ለማሳመር አይደለም፤ ጉርድ ፎቶ ነው። ፋየርፊሿን ያመጣኋት ቀን በዓይኔ ምንም አላየሁባትም። ፎቶው ላይ ክንፏ ጫፍ ላይ የጨው ፍሬ የሚያክሉ ሦስት ነጭ ነጥቦች ነበሩ። ማሪን ኢች ነው፤ ዓሣ ላይ የሚጣበቅ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ። ደግነቱ ለአዲስ ዓሣ ብዬ ባዘጋጀኋት 30 ሊትር ማቆያ ገንዳ ውስጥ ነበረች። እዚያው በመዳብ መድኃኒት ታከመች። ዋናው ገንዳ ገብታ ቢሆን ኖሮ ዓሦቹን ሁሉ አውጥቼ ገንዳውን ያለ ዓሣ ማቆየት ነበረብኝ፤ ብዙ አሳዳጊዎች 76 ቀን ይጠብቃሉ። መዳቡን ደግሞ ዋናው ገንዳ ውስጥ ማድረግ አይታሰብም፤ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይጨርሳል።

የክላውን ፊሽ የራሱ የሆነ ክፉ በሽታ ብሩክሊኔላ ነው። ቆዳው ላይ ነጭ ንፍጥ መሰል ሽፋን ይወጣል፣ አተነፋፈሱ ይፈጥናል፣ ቶሎም ይገድላል። ለዚህ ቪዲዮ ይሻላል። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹና የስንጥቡ ክዳን ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ቁጠሩ። ደህና በሆነበት ጊዜ የተቀረጸው አስቀድሞ ከሌላችሁ ግን ከምን ጋር ታወዳድሩታላችሁ?

ሽሪምፕም አለኝ፣ ቀይ ጀርባዋ ላይ ነጭ መስመር ያላት አጽጂ ሽሪምፕ። የጎረቤት ልጅ አንድ ጠዋት እየሮጠ መጥቶ “ጋሼ፣ ሽሪምፗ ሞተች!” አለኝ። ልብሷን ቀይራ ነው። የድሮ ቅርፊቷ ከነጢሟ ሙሉ ሆኖ አሸዋው ላይ ተኝቷል። አነሳሁት። እስካሁን ካነሳኋቸው ሁሉ ሰው የወደደልኝ ያ ባዶ ልብስ ነው። ኮራል ከፈለጋችሁ በማሽሩም ኮራል ጀምሩ፤ ብዙ ብርሃን አይጠይቅም። ዞአንተስ የሚባሉትን የኮራል ዘመዶች ከገዛችሁ ግን ጓንት አድርጉ፤ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። ድንጋያቸውን በፍጹም አትቀቅሉ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ፎቶ ሳነሳ ፓምፖቹን አጠፋለሁ፣ የሚንሳፈፈው ቆሻሻ እንዲወርድ። ከበላ አንድ ሰዓት ያለፈው ገንዳ ጥሩ ነው። ፓምፕ አልባው ጊዜ 10 ደቂቃ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰርግ ደክሞኝ መጥቼ፣ አንስቼ፣ ካሜራዬን ቦርሳ ከትቼ ተኛሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ውሃ ልጠጣ ስነሳ ገንዳው ጸጥ ብሏል። ሦስቱም ዓሦች የውሃው ፊት ላይ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ፓምፑን ሰካሁ፣ በጆግ ውሃ እየቀዳሁ ከላይ እያፈሰስኩ እስኪነጋ ቆምኩ። ተረፉ።

አሁን ፓምፑን ሳጠፋ የሌንሱን ክዳን ማጥፊያው ላይ አስቀምጣለሁ። ክዳኑን ሳላነሳ ካሜራው ቦርሳ አይገባም።